ፊሊፒናውያን ፈረስን በስፓኒሽ፣ ፍየልን በራሳቸው ቃል የሚጠሩት ለምንድን ነው?

የተከበሩ ጠያቂ፣

በዱባይ አብረዋቸው ከሚሠሩ ፊሊፒናውያን ፈረስ «ካባዮ»፣ ላም «ባካ»፣ ጥንቸል «ኩኔሆ» እንደሚባል ሰምተው፣ ቃላቱም የስፓኒሽ መሆናቸውን ካወቁ በኋላ፣ ፍየል፣ አሳማና ዶሮ ግን ከስፓኒሽ ጋር ምንም የማይገናኝ ስም ያላቸው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ከባልደረቦችዎ አንዷ «ስፔኖች ባይመጡ ኖሮ ለእንስሳት ስም እንኳ አይኖረንም ነበር» ማለቷንም ጠቅሰው፣ ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን፣ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እንዲህ መሆናቸውንና ስፓኒሽ የሚችል ሰው እነዚህን ስሞች ሰምቶ ይረዳ እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል።

ባልደረባዎ ያለችው እውነት አይደለም፤ የእንስሳቱ ስሞች ራሳቸው የሚመሰክሩት ተቃራኒውን ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የአንድ እንስሳ ስም ስፓኒሽ የሚሆነው እንስሳውን፣ ወይም በእንስሳው ዙሪያ ያለውን ሥራ፣ ወይም ስለ እንስሳው የሚነገረውን ትምህርት ስፔናውያን ይዘው ሲመጡ ነው። ሕዝቡ ቀድሞ ያውቃቸው የነበሩት እንስሳት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን አገዛዝ አልፈው የጥንት ስማቸውን እንደያዙ አሉ። አገላለጼ ግልጽ እንዲሆን ከነባሮቹ ልጀምር። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለስፔን ንጉሥ ይጓዝ የነበረው መርከበኛ ማጄላን በ1521 ወደ ደሴቶቹ ሲደርስ አብሮት የነበረው ኢጣሊያዊው መዝጋቢ አንቶኒዮ ፒጋፌታ፣ ማዛዋ ብሎ በጠራት ደሴት ውሾች፣ ድመቶች፣ አሳማዎች፣ ዶሮዎችና ፍየሎች እንዳሉ ጽፎ አልፏል። ፈረስና ላም በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አሁን ይህን ዝርዝር በማኒላና በአካባቢዋ ከሚነገረው ከዛሬው ታጋሎግ ጋር ያስተያዩት፦ ውሻ «አሶ»፣ ድመት «ፑሳ»፣ አሳማ «ባቦይ»፣ ዶሮ «ማኖክ»፣ ፍየል «ካምቢንግ» ይባላል። ከአምስቱ አንዱም ስፓኒሽ አይደለም። «ባቦይ» በማላይ «ባቢ» ከሚባለው ቃል ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ «አሶ» በጃቫ «አሱ» ነው፤ «ማኖክ» ደግሞ አውስትሮኔዥያ በሚባለው ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ከደሴት ደሴት እየተሻገረ ዶሮን ወይም ወፍን የሚያመለክት እጅግ ጥንታዊ ቃል ነው። «ካምቢንግ» በማላይም እንዲሁ ካምቢንግ ሲሆን፣ በሴቡ ደሴትና በአካባቢው በሚነገረው ሴብዋኖ «ካንዲንግ»፣ በሰሜን ሉዞን በሚነገረው ኢሎካኖ «ካልዲንግ» ይባላል። ስፔናዊው «ካብራ» የሚለውን የፍየል ስም ይዞ ቢመጣም የሚያስቀምጥበት ቦታ አላገኘም፤ ቦታው ተይዞ ነበርና።

በነባሮቹ መካከል የውሃ ጎሽን ለብቻው ማንሳት ይገባል፤ የሩዝ ማሳ የሚታረሰው በእርሱ ነውና። በታጋሎግ «ካላባው»፣ በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ደግሞ በሂሊጋይኖንና በዋራይ «ካራባው»፣ በሴብዋኖ «ካባው»፣ በኢሎካኖ «ኑዋንግ»፣ በካፓምፓንጋን «ዳሙላግ» ይባላል። ስፔናውያን ይህን እንስሳ በአገራቸው ስለማያውቁት ስሙን በአገሪቱ መካከል ካሉት ከቪሳያ ደሴቶች ሰዎች ተቀብለው «ካራባዎ» አሉት፤ ቃሉ ወደ ስፓኒሽ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በዚህ ጊዜ ቃል የተዋሰው ስፔናዊው ነበር። አዲስ እንስሳ ያየ ሰው ስሙን ከባለቤቱ ይቀበላል፤ ሕጉ ለሁለቱም ወገን እኩል ሠርቷል። ይህን ለባልደረባዎ ቢነግሯት ደስ ይለኛል።

ወደ ፈረስ ስንመጣ ታሪኩ ይለወጣል። ስፔናውያን በ1565 ሴቡ ላይ ሠፈሩ፣ በ1571 ማኒላን መቀመጫቸው አደረጉ፣ እስከ 1898ም ቆዩ። አገሪቱ የምትተዳደረው ለረጅም ዘመን በሜክሲኮ በኩል ነበር፤ ከሜክሲኮ ወደብ ከአካፑልኮ ማኒላ የሚመላለሱት የንግድ መርከቦችም እስከ 1815 ድረስ ሰው፣ ብር፣ ዘርና እንስሳ አመላልሰዋል። በማኒላ ከፍተኛ ሹም የነበረው አንቶኒዮ ደ ሞርጋ በ1609 ባሳተመው የደሴቶቹ ታሪክ፣ ስፔናውያን ከቻይናና ከሜክሲኮ እስኪያስመጡ ድረስ በደሴቶቹ ፈረስም አህያም እንዳልነበረ በግልጽ ጽፏል። በጎችን ደግሞ ደጋግመው ከሜክሲኮ ቢያመጡም አየሩና ግጦሹ እንዳልተስማማቸውና እንዳልረቡ ይናገራል።

እንግዲህ እንስሳው ከእነ ስሙ ከመርከብ ወረደ። በስፓኒሽ «ካባልዮ» የነበረው በታጋሎግ «ካባዮ» ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ፈረሱ ብቻውን አልመጣም። ባዝራዋ «የግዋ»፣ ውርንጭላው «ፖትሮ»፣ ጋጡ «ኩዋድራ»፣ ኮርቻው «ሲያ»፣ ዛቡ «ሬንዳ»፣ አለንጋው «ላቲጎ»፣ ባለ ሁለት ጎማው ጋሪ «ካሌሳ»፣ ጋሪ ነጂው «ኩትሴሮ» ናቸው፤ ሁሉም ስፓኒሽ ናቸው። ለፈረሱ የሚታጨደው ሣር «ሳካቴ» የሚባለው ደግሞ ከስፓኒሽም አልፎ ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ ከናዋትል የመጣ ነው፤ ሜክሲኮ የኖሩ ስፔናውያን ከዚያ ለምደውት ይዘውት ተሻግረዋል። ማኒላ ውስጥ ፈረስ የሚያበላ ሰው ሳያውቀው የአዝቴኮችን ቃል ይጠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቋንቋው ቃሉን እንደ እንግዳ ጥግ አላስቀመጠውም። ታጋሎግ ከስም ግሥ የሚሠራው ከፊት በሚገባ ቅጥያ ነው። ከቅጥያዎቹ አንዱ «ማንግ» ሲሆን በ«ክ» በሚጀምር ቃል ላይ ሲገባ ያ «ክ» ይዋጣል። ስለዚህ ከ«ካባዮ» ተነሥቶ «ማንጋባዮ» ማለት ፈረስ መጋለብ፣ «ማንጋንጋባዮ» ማለት ደግሞ ጋላቢ ሆነ። ስፔናዊ ይህን ቢሰማ የራሱ ቃል መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። የመጀመሪያውን ድምፅ ውጦ፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል ደግሞ ጋላቢውን ለመሰየም የደጋገመው የታጋሎግ ሰዋስው ነው። ቃል ተዋሰ ማለት ቋንቋው ደከመ ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን፣ ማለትም ሁሉም ቋንቋዎች እንዲህ ናቸው ወይ ያሉትን፣ የሚመልሰውም ይኸው ፈረስ ነው። ኢሎካኖ ተናጋሪው ፈረስን «ካባሊዮ» ይላል፤ ታጋሎግ ተናጋሪው «ካባዮ» ይላል። ልዩነቱ የሚመነጨው በስፓኒሽ በሁለት «ል» ከሚጻፈው ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ በአንዳንድ የስፔን አካባቢዎች ሰዎች አፍ «ልይ» የሚል ሲሆን፣ በሌሎች ዘንድ፣ በተለይም በአንዳሉሲያና በሜክሲኮ፣ ወደ «ይ» ወርዷል። ፊሊፒንስ ሁለቱንም ዓይነት ተናጋሪ አይታለች። በዚያው በታጋሎግ ውስጥ እንኳ ፈረሱ «ካባዮ» ሲሆን ባላባቱ ወይም ጨዋው ሰው «ካባልዬሮ» ነው፤ ግመልም «ካሜልዮ» እንጂ «ካሜዮ» አይደለም። ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት በሁለት አፍ በኩል ገብተው ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የደቡቡ ነገር ነው። በሚንዳናዎ የሚኖሩት ማራናዎዎችና ማጊንዳናዎዎች ፈረስን «ኩዳ» ይሉታል፤ በሱሉ ደሴቶች ያሉት ታውሱጎች «ኩራ» ይላሉ። ላምም በእነርሱ ዘንድ «ባካ» አይደለችም፤ «ሳፒ» ናት። ሁለቱም ቃላት የማላይ ናቸው። እነዚህ ሕዝቦች ስፔናውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ እስልምናን ተቀብለው፣ በሱልጣኖች ሥር ሆነው፣ ከቦርኔዎና ከማላይ ወደቦች ጋር ይነግዱ የነበሩ ናቸው፤ ስፔን ጦር አዘመተባቸው እንጂ ለብዙ ዘመን አልገዛቻቸውም። የሱሉ ሱልጣኖች መቀመጫ የነበረችው ሆሎ ሙሉ በሙሉ በስፔን እጅ የወደቀችው በ1876 ነው። እነርሱም ፈረስንና ላምን ከውጭ ተቀብለዋል፣ ከእነ ስማቸውም ተቀብለዋል፤ ያቀበላቸው እጅ ግን ሌላ ነበር። «ካባዮ» የሚባልበትንና «ኩዳ» የሚባልበትን አካባቢ በካርታ ላይ ብንለያቸው የስፔን ሥልጣን የት ድረስ ጸንቶ እንደነበር በግርድፉ እናያለን።

ላምን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መንገዷ የፈረስ ነው። «ባካ» በስፓኒሽ ላም ማለት ነው፤ አጻጻፉ በ«ቭ» ቢጀምርም ስፔናውያን ራሳቸው የሚያነቡት በ«ብ» ስለሆነ ታጋሎግ የለወጠው ድምፅ የለም። ኮርማው «ቶሮ»፣ እረኛው «ባኬሮ»፣ በረቱ «ኩራል»፣ ሥጋው «ካርኔ» ነው። በከብት ርቢ የታወቀችው ማስባቴ ደሴት በየዓመቱ የምታካሂደው ከብትን በገመድ የመጥለፍ ውድድርም «ሮዴዎ» ይባላል፤ ይህም የስፓኒሽ ቃል ነው። ትርጉሙን የለወጠ ቃል ግን አለ፦ «ቤሴሮ» በስፓኒሽ የላም ጥጃ ሲሆን በታጋሎግ «ቢሲሮ» ሆኖ በአብዛኛው የፈረስ ውርንጭላ ማለት ነው። ለጥጃ «ጉያ» የሚል ነባር ቃል ነበር፤ የጎሽ ጥጃ ሲጠራበት የኖረው ይህ ቃል የላሟንም ጥጃ ስለወሰደ፣ እንግዳው ቃል ነባር ስም ወዳልነበረው ወደ ፈረሱ ልጅ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ «ስሙ ያመጪውን ይከተላል ማለትህ በአጋጣሚ የተገጣጠመ ቢሆንስ?» ቢለኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከፊሊፒንስ ወጣ ብሎ በማሪያና ደሴቶች፣ በጉዋምና በጎረቤቶቿ ይገኛል። የዚያ ሕዝብ ቋንቋ ቻሞሮ ከፊሊፒንስ ቋንቋዎች ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ደሴቶቹም በስፔን ዘመን ከማኒላ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ቻሞሮ ፈረስን «ካባዩ»፣ ላምን «ጉዋካ» ይላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፍየልን ግን «ቺባ» ይለዋል፤ ይህም የስፓኒሽ ቃል ነው። ፊሊፒናዊው «ካምቢንግ» እያለ ቻሞሮው «ቺባ» ያለው ለምንድን ነው? ፍየል በፊሊፒንስ ነባር ሲሆን በማሪያና ግን ስፔናውያን ያመጡት ስለሆነ ነው።

የአጋዘን ነገር ከዚህም ይበልጣል። በፊሊፒንስ አጋዘን «ኡሳ» ይባላል፤ ጥንታዊ ቃል ነው። በ1770ዎቹ የስፔን አስተዳደር ከፊሊፒንስ አጋዘኖች ወስዶ ማሪያና ላይ ለቀቃቸው። ዛሬ በጉዋም ጫካ የሚኖረው አጋዘን በዝርያው የፊሊፒንስ አጋዘን ነው፤ ቻሞሮዎች የሚጠሩት ግን «ቢናዱ» ብለው ነው፤ ይህም «ቤናዶ» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል የመጣ ነው። አንዱ እንስሳ በትውልድ አገሩ የራሱን ስም ይዞ ኖሮ፣ በስፔናውያን መርከብ ሲሻገር የስፓኒሽ ስም ለብሶ ወረደ። የቋንቋ ታሪክ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ፈተና የሚሰጠን ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህም ነው ይህን ምሳሌ ከሁሉ የምወደው። ተመሳሳይ ነገር በፖርቱጋሎች ተገዝታ በኖረችው በምሥራቅ ቲሞርም አለ፦ በቴቱን ቋንቋ ላም «ካራው ባካ» ትባላለች፤ «ካራው» ነባሩ የጎሽ ስም ሲሆን «ባካ» የፖርቱጋሎቹ ቃል ነው።

እስካሁን የተናገርኩት በእግራቸው ስለገቡ እንስሳት ነው። በቃል ብቻ የገቡም አሉ። አንበሳ «ሌዮን»፣ ድብ «ኦሶ»፣ ተኩላ «ሎቦ»፣ ቀበሮ «ሶሮ»፣ ግመል «ካሜልዮ»፣ አህያ «አስኖ» ወይም «ቡሪኮ»፣ የበግ ግልገል «ኮርዴሮ»። ከአህያና ከበግ በቀር እነዚህን በደሴቶቹ ምድር ማንም አርብቶ ወይም አድኖ አያውቅም፤ አህያውም በሞርጋ ዘመን እጅግ ጥቂት ነበር። ያመጣቸው ስብከት ነው። መነኮሳቱ ለሕዝቡ ስፓኒሽ ከማስተማር ይልቅ ራሳቸው የሕዝቡን ቋንቋ መማር መርጠው ነበር፤ በ1593 የክርስትና ትምህርት በታጋሎግ አሳተሙ፣ በ1613 ደግሞ በላጉና አውራጃ በፒላ ከተማ ትልቅ የታጋሎግ መዝገበ ቃላት ታተመ። ስለዚህም ስፓኒሽ ወደ ተራው ሕዝብ የደረሰው በሙሉ ቋንቋነቱ ሳይሆን በቃላት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው እንስሳ በአገሩ ካልታወቀ የሚቀረው የሰባኪው ቃል ነው። ዛሬም በታጋሎግ ቅዳሴ ክርስቶስ «ኮርዴሮ ናንግ ዲዮስ»፣ የእግዚአብሔር በግ፣ ተብሎ ይለመናል፤ መልካሙ እረኛም «ማቡቲንግ ፓስቶል» ነው፤ «ፓስቶል» ከስፓኒሹ «ፓስቶር» የመጣ ሲሆን የመጨረሻው «ር» ወደ «ል» ተለውጧል።

ባልደረባዎን የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ለአንዳንዶቹ የሩቅ እንስሳት እንኳ ቀድሞ ስም ነበር። ዝሆን ዛሬ በታጋሎግ «ኤሌፓንቴ» ቢባልም፣ ከስፔናውያን በፊት የገባ «ጋድያ» የሚል ስም ነበረው፤ ሥሩ የሳንስክሪት «ጋጃ» ሲሆን ማላዮችም «ጋጃህ» ይላሉ። ነብር «ቲግሬ» ነው፤ ማላዮች ነብርን የሚጠሩበት «ሃሪማው» ግን በታጋሎግ «ሃሊማው» ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ትርጉሙ አስፈሪ አውሬ፣ ጭራቅ ነው። እንስሳው ከዓይን ሲርቅ ስሙ ወደ ተረት ገባ፤ የነብሩን ወንበር ስፓኒሽ ወሰደው። በነገራችን ላይ በፓላዋን ደሴት ኢሌ በተባለ ዋሻ የነብር አጥንት ተገኝቷል፤ ስለዚህ ነብር በዚያ ምድር በጥንት ዘመን ኖሮ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ቃሉ ግን የመጣው ከማላይ ጋር በነበረው ግንኙነት ነው እንጂ ከዚያ ዘመን ትዝታ አይደለም።

ደንቡን የሚጥሱም አሉ፤ ሳልጠቅሳቸው ባልፍ መልሴ ሙሉ አይሆንም። ንስር «አጊላ» ይባላል፤ ከስፓኒሽ «አጊላ»። የፊሊፒንስ ንስር ግን የዚያው ምድር ብቻ ነው፤ በየአካባቢውም «ባኖግ» የመሰለ ነባር ስም ለትልልቅ አዳኝ ወፎች አለ። ሳይንስ ይህን ንስር የመዘገበው እንግሊዛዊው ጆን ዋይትሄድ በ1896 በሳማር ደሴት ካገኘው በኋላ ሲሆን፣ በ1995 የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ተብሎ ታውጇል። በቀቀንም እንዲሁ «ሎሮ» ነው፤ «ኩላሲሲ» የምትባለው ትንሿ በቀቀን ግን ነባር ስሟን ይዛለች። እኔ እንደምረዳው ምክንያቱ ይህ ነው፦ ነባሮቹ ቋንቋዎች ለእያንዳንዱ ዝርያ የተለየ ስም ነበራቸው፤ ሁሉንም በአንድነት የሚሰበስብ አጠቃላይ ስም ሲፈለግ፣ በትምህርት ቤት፣ በመጽሐፍ፣ በአርማና በገንዘብ ላይ፣ የስፓኒሹ ቃል ያንን የላይኛውን ቦታ ያዘ። እዚህም ቢሆን የጎደለው ስም አልነበረም። ምክንያቱ የስሞች መብዛት ነበር።

ጊንጥ «አላክዳን» ነው፤ ከስፓኒሽ «አላክራን»። ስፓኒሽ ራሱ የተዋሰው ከዐረብኛ «አል ዐቅረብ» ነው። በእኛ ዘንድ አውደ ነገሥት የሚያውቅ ሰው ከአሥራ ሁለቱ ከዋክብት መካከል «ዐቅራብ» የሚባለውን ያስታውሳል፤ ያው ቃል ነው። መዥገር «ጋራፓታ»፣ ቁንጫ «ፑልጋስ» ይባላሉ፤ ቅማል ግን «ኩቶ» ናት፣ እርሷ ከሰው ልጅ ጋር የኖረች ነባር ናትና። ከ«ፑልጋስ» መጨረሻ ያለችው «ስ» በስፓኒሽ ብዙ ቁጥር አመልካች ናት፤ ቁንጫ አንድ ብቻዋን ስለማትታይ ሰዎቹ የሰሙት ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ነበርና እንዳለ ወሰዱት። ዛሬ አንዲት ቁንጫም «ፑልጋስ» ናት። ሽንኩርት «ሲቡያስ»፣ ወይን «ኡባስ» የሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው።

የወጥ ቤቱ ጉዳይ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው። በውሃ ውስጥ «ፑሲት» የሚባለው ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳ (ስኩዊድ) በዱቄት ተለውሶ ሲጠበስ «ካላማሬስ» ይሆናል። ከባሕር የወጣው ትንሽ ዓሣ «ታምባን» ወይም «ቱንሶይ» ነው፤ በታአል ሐይቅ ብቻ የሚገኘውም «ታዊሊስ» ይባላል፤ በቆርቆሮ ታሽጎ ከሱቅ ሲገዛ ግን «ሳርዲናስ» ነው። ፍየሉ «ካምቢንግ» ነው፤ ለድግስ የሚሠራው የፍየል ወጥ ግን «ካልዴሬታ» ይባላል። «ሌቾን» በስፓኒሽ የሚጠባ የአሳማ ግልገል ሲሆን፣ በፊሊፒንስ «ሊትሶን» ተብሎ በፍም ላይ እየዞረ የሚጠበስ ጥብስ ስም ስለሆነ፣ ዛሬ «ሊትሶን ማኖክ» ይባላል፤ ቃል በቃል ከወሰድነው «የአሳማ ግልገል ዶሮ» ማለት በሆነ ነበር። ሕያው እንስሳው የገበሬው ቃል አለው፤ ገበታው የጌታው ቃል አለው።

የዶሮ ውጊያም ያንኑ ያሳያል። ፒጋፌታ በ1521 ፓላዋን ላይ ሰዎች አውራ ዶሮዎቻቸውን ገንዘብ አስይዘው ሲያዋጉ አይቷል፤ ስለዚህ ጨዋታው ስፔናውያን ያመጡት አይደለም። ጨዋታው «ሳቦንግ»፣ ቦታው «ሳቡንጋን»፣ በእግሩ የሚታሰረው ስለት «ታሪ»፣ አውራ ዶሮው «ታንዳንግ» ነው፤ ሁሉም ነባር። ነገር ግን ስፔናውያን ውድድሩን በፈቃድና በግብር ሲያስተዳድሩት መድረኩ «ሩዌዳ»፣ ዳኛው «ሴንቴንስያዶር»፣ ሊያሸንፍ የሚገመተው «ልያማዶ»፣ ደካማው «ዴሃዶ» ሆነ። ውርርድ ተቀባዩ እጆቹን ዘርግቶ ስለሚጣራ በመስቀል ላይ ያለውን አምላክ መስሏቸው «ክሪስቶ» አሉት። በዚህ ጨዋታ የተጠመደ ሰው «ሳቡንጌሮ» ይባላል፤ ሥሩ ታጋሎግ፣ መጨረሻው ስፓኒሽ። «ጋዮ» የሚለው የስፓኒሽ የአውራ ዶሮ ስም የቀረው ከዚህ ሁሉ ርቆ፣ ከገና በፊት ገና ሳይነጋ በሚቀደሰው «ሚሳ ደ ጋዮ» ስም ውስጥ ነው።

ከ1898 በኋላ አሜሪካውያን ገብተው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አዲስ የሚሰሙ እንስሳት በእንግሊዝኛ መጠራት ጀመሩ። ለቀጭኔ «ሂራፓ» የሚል ከስፓኒሽ የመጣ ቃል ቢኖርም የከተማ ልጅ የእንግሊዝኛውን ይመርጣል። በዚህ ክፍል የተለየ ነገር ስለሌለ አልቆይበትም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስፓኒሽ የሚችል ሰው እነዚህን ስሞች ይረዳል ወይ የሚል ነው። ብዙዎቹን ይረዳል፤ ድምፆቹ የሚለወጡበትን መንገድ ቢያውቅ ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ታጋሎግ በጥንቱ «ፍ» ስላልነበረው «ኤሌፋንቴ» «ኤሌፓንቴ» ሆነ። «ኮኔሆ» «ኩኔሆ» የሆነው «ኦ» እና «ኡ» በነባሩ ቋንቋ እንደ አንድ አናባቢ ይቆጠሩ ስለነበር ነው። በዚህች ጥንቸል ውስጥ ሌላም መረጃ አለ፦ ዛሬ ስፔናውያን «ህ» ብለው የሚያነቡት ድምፅ በ16ኛው መቶ ዓመት «ሽ» የሚመስል ነበር፤ በዚያ ዘመን የገባው ሳሙና በታጋሎግ «ሳቦን» ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። «ኩኔሆ» በ«ህ» መሆኑ ቃሉ የገባው፣ ወይም ቢያንስ አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው፣ ስፓኒሽ አነባበቡን ከለወጠ በኋላ እንደሆነ ያመለክታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ቃላትም አሉ። «ሎቦ» ተኩላ ነው፤ «ግሎቦ» ከሚለው የመጣው የልጆች ፊኛም «ሎቦ» ነው። ልጅ በበዓል ቀን «ሎቦ» ቢጠይቅ የሚፈልገው ተኩላ አይደለም። «ባካ» ላም ነው፤ ጭነቱ ወደ መጨረሻው ሄዶ ድምፁ በጉሮሮ ቁርጥ ሲል ግን «ምናልባት» የሚል ነባር የታጋሎግ ቃል ነው። «አኒማል» የሚለውን ቃል ደግሞ ስፓኒሽ አውቃለሁ ብለው ለሰው ፊት እንዳይናገሩት፤ በታጋሎግ ስድብ ነው፤ እንስሳ በወጉ «ሃዮፕ» ይባላል፣ እርሱም ቢሆን ወደ ሰው ከተወረወረ ስድብ ይሆናል። ከባልደረቦችዎ መካከል የሳምቦአንጋ ከተማ ሰው ካለ ግን ውሻን «ፔሮ»፣ ድመትን «ጋቶ» ሲል ይሰሙታል። እርሱ የሚናገረው ቻባካኖ ነው፤ ቻባካኖ በስፔናውያን ምሽጎችና ወደቦች ዙሪያ ከስፓኒሽ ቃላት የተሠራ ቋንቋ ስለሆነ፣ በሌሎቹ ቋንቋዎች ስፓኒሽ ያልደረሰባቸው የቤት እንስሳት እንኳ በእርሱ ዘንድ የስፓኒሽ ስም አላቸው።